ቃለ ጉባኤ ያነበበችው ታይፒስት

ጸሐይወርቅ ስለ ራሷ ስትናገር ሁልጊዜ የምትጀምረው ከሌላ ሰው ነው። ታይፕ ያስተማረቻት ሸዋረገድ፣ ከሞት አፋፍ የመለሰቻት ሐሚዳ፣ ዓይኗን የከፈተላት የመምህር መዝገቡ እርሳስ እንደሆነ ትናገራለች። ለእሷ የሚተርፍ ምስጋና ያለ አይመስላትም። ላፍቶ ያሉ እናቶች ግን ነገሩን ሲያወሩት ከእሷ ነው የሚነሡት፤ እኛም ከእሷ እንነሣለን።

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። ጸሐይወርቅ ያኔ የሠላሳ ዓመት ሴት ነበረች። በነፋስ ስልክ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ የቀጠናው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚባል ሦስት ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት ነበር። እሷ የዚያ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቃ፣ አንገቷን ደፍታ ቤት በተቀመጠችበት ዓመት፣ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ጎረቤቷ የነበረችው ሸዋረገድ ጠርታ በአንዲት ያረጀች የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊት አስቀመጠቻት። አምስት ወር ሙሉ፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ድካሟን ሳትቆጥር አስተማረቻት። ጸሐይወርቅ ይህን ውለታ ረስታው አታውቅም። ሸዋረገድን የበዓል ዋዜማ ሳትጠይቃት ያለፈ ዓመት የለም።

በመሥሪያ ቤቱ ትልቁ ሥራ የሚመጣው በግንቦት ነው። በቀጠናው ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ የመጪውን ዓመት የጤና ማሻሻያ ዕቅዳቸውን በቅጽ ሞልተው ይልካሉ። ጸሐይወርቅ ያንን ስቴንስል በሚባለው የማባዣ ወረቀት ላይ ትመታዋለች፤ በማባዣው ይባዛል፤ ተጠርዞ የቀጠናው ዕቅድ ተብሎ ወደ በላይ ይሄዳል። ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ «የኅብረተሰቡ ዋና ዋና የጤና ችግሮች በቅደም ተከተል» ይላል። በሥሩ አምስት ባዶ መስመሮች አሉ።

እሷ እነዚያን አምስት መስመሮች ዓይኗን ጨፍና ልትመታቸው ትችል ነበር። የሁሉም ቀበሌ መልስ አንድ ነውና። አንደኛ የመጸዳጃ ቤት እጥረት፣ ሁለተኛ የቆሻሻ አወጋገድ ጉድለት፣ ሦስተኛ የዝንብ መራባት፣ እያለ ይቀጥላል። ምክንያቱ ሌላ አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቱ ራሱ «እንዲህ ተደርጎ ይሞላል» ብሎ ናሙና ልኮ ነበር። ቀበሌዎቹ ናሙናውን እንዳለ ገለበጡት። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር ለመጻፍ አልደፈረም፣ ወይም አልታየውም።

ከእያንዳንዱ ቅጽ ጀርባ በስፒል የተያያዘ ሌላ ወረቀት አለ። ሕዝቡ እሑድ ጠዋት ተሰብስቦ ስለ ጤናው የተነጋገረበት ቃለ ጉባኤ ነው። እሱ አይመታም። የታይፒስቷ ሥራ ስፒሉን ፈትታ፣ ቃለ ጉባኤውን መደርደሪያው ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ መጨመር ነው። ካርቶኑ ሲሞላ ሌላ ካርቶን ይመጣል።

በዚያ ግንቦት ከላፍቶ በኩል፣ ከወንዙ ማዶ ካለ አንድ ቀበሌ የመጣው ቅጽ ግን ጎደሎ ነበር። አንደኛ የሚለው መስመር ባዶውን ተትቷል። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «ጀርባውን ይመልከቱ» ተብሏል።

ጸሐይወርቅ ቅጹን ይዛ ወደ አቶ ዋቅቶላ ሄደች። አቶ ዋቅቶላ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነው፤ ዕቅዱን የሚያሰባስበውም እሱ ነው። የወለጋ ሰው፣ ቁጥብ፣ ድምፁ የማይሰማ። ያን ቀን አንድ የዱቄት ወፍጮ ሊቆጣጠር ኮቱን እየለበሰ ስለነበር፣ የአምናውን እንድትጽፍበት ነግሯት ወጣ።

ተመልሳ ተቀመጠች። ጣቶቿ «የመጸዳጃ» ለማለት ተዘጋጅተዋል። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ወረቀቱን ገለበጠች።

ቃለ ጉባኤውን የጻፈው የቀበሌው ጸሐፊ መምህር መዝገቡ ነበር። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች «ሰፊ ውይይት ተደርጎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብለው በሁለት መስመር ሲዘጉት፣ እሱ እያንዳንዱ ሰው የተናገረውን በተናገረበት አፍ ጽፎታል። ጸሐይወርቅ እያነበበች ወረደች። አንዲት ሴት ስለ ምንጭ፣ አንድ ሽማግሌ ስለ ልጆች ትኩሳት ተናግረዋል። ከዚያ እንዲህ የሚል ላይ ደረሰች፦

«ወይዘሮ ሐሚዳ ተነሥተው፣ ሽንት ቤቱን ቆፍረናል፤ የቀረውንም እንቆፍራለን። ክረምት ሲገባ ግን ጤና ጣቢያው ወንዝ ማዶ ይቀራል። ምጥ የያዛት ሴት ውሃውን ስታስበው ብቻ ጉልበቷ ይከዳታል። የዛሬ ሦስት ዓመት በቃሬዛ ያሻገርናት አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች፤ አላህ ብሏት ተረፈች። ሁሉም እንደ እሷ አይተርፍም አሉ።»

ጸሐይወርቅ እጇን ከመኪናው ላይ አነሣች። ያቺ የመንግሥት ሠራተኛ እሷ ነበረች።

በ1971 ዓ.ም. ላፍቶ፣ ሐሚዳ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ሐሚዳ ከባሏ ከአብደላ ጋር እህልና ሸቀጥ የምትነግድ የስልጤ ሴት ናት፤ ድምፀ ጎርናና፣ ሥራ የማይበግራት። የጸሐይወርቅ ባል የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አሰብ ወርዷል። ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ምጡ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ወንዙ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓራ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ሠሩ። ውሃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ አንደኛውን ድንጋይ ከዳውና ቃሬዛው አዘመመ። ሐሚዳ ልብሷን እንደለበሰች ከጎን ገብታ የጸሐይወርቅን ራስ በሁለት እጇ ከውሃው በላይ ይዛ ነበር። «እኔን እይኝ፣ ውሃውን አትይ» አለቻት። ጸሐይወርቅ ሌላ ነገር አታስታውስም። ሕፃኗ ጤና ጣቢያው ሳይደረስ፣ ማዶ ካለው ዳገት ሥር፣ በሐሚዳ ነጠላ ውስጥ ተወለደች። ንግስት አሏት።

ከዚያ በኋላ ለሥራው ይቀርባል ብላ ብስራተ ገብርኤል እናቷ ጋ ተመለሰች። ያ ቀን ትዝ ሲላት የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ የኔ ዕድል እንዲያ ነበር፣ ፈጣሪ ግን አወጣኝ። የራሷ ብቻ ታሪክ ይመስላት ነበር። አሁን በሰው እጅ ተጽፎ፣ ከቅጽ ጀርባ በስፒል ተያይዞ ስታየው፣ «ሁሉም እንደ እሷ አይተርፍም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዳታልፈው ያዛት። እንግዲያው ያልተረፉ ነበሩ። ስማቸውስ የት ነው ያለው?

ካርቶኑን ከመደርደሪያው ሥር ጎትታ አወጣች።

አቶ ዋቅቶላ ሲመለስ የታይፕ ክፍሉ ወለል በወረቀት ተሸፍኖ አገኛት። ምሳዋን አልበላችም። ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ከማስረዳት ይልቅ አነበበችለት። መጀመሪያ የሐሚዳን፣ ቀጥሎ ከዚያው ወንዝ ታች ካለው ቀበሌ የ1972ን፤ በዚያ አንድ አባት ሚስቱንና ልጁን በአንድ ሳምንት እንደቀበረ ተናግሯል። ቀጥሎ ወደ ሀና ማርያም በኩል ያለውን የ1973ን አነበበችለት። ሦስቱ ቀበሌዎች አይገናኙም። አንዱ ሌላው ምን እንዳለ አያውቅም። ስለ አንድ ወንዝ ግን ሦስት ዓመት ሲጮኹ ኖረዋል፤ ጩኸቱም ሁሉ እዚህ፣ እግሯ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ነበር።

አቶ ዋቅቶላ ጠርዙ በተጨማደደው ካርቶን ላይ ተቀመጠና የሐሚዳን ወረቀት ከእጇ ተቀብሎ ራሱ አነበበው። በኋላ፣ «አራት ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት ሳስቆፍር ኖርኩ» አለ። «መጥፎ ሥራ አይደለም። ግን አንድም ቀን ወንዙን በክረምት አላየሁትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዘጠኝ ቀን የምሳ ሰዓታቸውን ሰጡት። እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። ያገኙት ነገር ወንዙ ብቻ አልነበረም። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያሉ እናቶች የልጆች ክትባት የሚሰጥበት ቀን ከገበያቸው ቀን ጋር ስለሚገጥምባቸው እንዲቀየር ሁለት ዓመት ለምነዋል። ወደ ለቡ በኩል ያሉት ገበሬዎች ከብቱና ሰው ከአንድ ምንጭ መጠጣቱ እንዳስመረራቸው ተናግረዋል። እንደ ቅጹ ከሆነ የሁሉም ችግር አንድ ነበር። ጀርባውን ላነበበ ግን እያንዳንዱ ሰፈር የሚያመው ቦታ ሌላ ነው፤ የራሱን ቁስል ከራሱ በላይ የሚያውቅለት እንደሌለም ወረቀቶቹ ይመሰክራሉ።

ጸሐይወርቅ ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ መታችው። በአንድ በኩል ቅጹ የሚለውን፣ በአንድ በኩል ሕዝቡ ያለውን፣ ቀበሌውንና ዓመቱን እየጠቀሰች ጎን ለጎን አስቀመጠችው። በላዩ «የሕዝቡ ቃል» ብላ ጻፈች። በወንዙ ረድፍ ላይ፣ የሚያስፈልገው በሚለው ሥር፣ «ድልድይ» አለች።

አቶ ዋቅቶላ ወረቀቱን ለኃላፊው ሰጠ። ኃላፊው ጓድ አባይነህ ይባላል። ከወታደር ቤት የመጣ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፤ ሲቆጣም ሲያመሰግንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው። ጸሐይወርቅን አስጠራት። ያን ጊዜ መጠራት ቀላል ነገር አልነበረም። ገብታ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ማን አዘዘሽ?» አላት፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ማንም አላዘዘኝም።»

«የጸደቀ ዕቅድ ስህተት ነው እያልሽ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ ጓድ» አለች። «ያለው ሕዝቡ ነው። በስብሰባ ነው ያለው፣ ማኅተምም አለው። እኔ ታይፕ ብቻ ነው ያደረግሁት።»

ጓድ አባይነህ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና እንድትሄድ በእጁ አሳያት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ምንም አልተሰማም። አቶ ዋቅቶላ ከእሷ ይልቅ ፈርቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ፣ ነገር ከመጣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት እላለሁ ብሎ ነገራት። ይህንንም ውለታ ጸሐይወርቅ እስከ ዛሬ ትቆጥረዋለች። ነገሩ ቢመጣ ኖሮ በእርግጥ ይል እንደነበር አትጠራጠርም።

ሰኔ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዝናብ እያካፋ፣ ጓድ አባይነህ ከታይፕ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ «ተነሺ፣ እንሄዳለን» አላት። ወዴት እንደሆነ አልነገራትም። የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ውስጥ አቶ ዋቅቶላ ከኋላ ተቀምጧል፤ እሱም አያውቅም። ሁለቱ ተያዩ። መኪናው ወደ መሀል ከተማ ቢታጠፍ ምን እንደምታደርግ እያሰበች መንገዱን ስትከተል፣ ሾፌሩ ወደ ላፍቶ ቁልቁል ያዘ። ያኔ ነው ትንፋሿ የተመለሰው።

ጭቃው መኪናውን ስላላሳለፈው በእግር ወረዱ። ወንዙ ገና አልሞላም፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየተዘለለ ይታለፋል። ጓድ አባይነህ መሀል ላይ ቆሞ፣ ክረምቱ ሲከፋ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ጠየቀ። ጸሐይወርቅ ከጭንቅላቱ በላይ ያለውን፣ ያምና ደራሽ ጎርፍ ጭራሮና ቅጠል አንጠልጥሎበት የሄደውን ቁጥቋጦ አሳየችው። እሱም አንገቱን አቅንቶ ቁጥቋጦውን እስኪጠግብ አየው።

ማዶ ሐሚዳ፣ ባሏ አብደላ፣ መምህር መዝገቡና አንድ አምስት የሚሆኑ ሴቶች፣ መልእክት ቀድሞ ደርሷቸው፣ ጠበቋቸው። ሐሚዳ ጸሐይወርቅን ስታይ እንግዶቹን ረስታ አቀፈቻት፤ ስለ ንግስት፣ ስለ ቁመቷ፣ አፍ ስለ መፍታቷ ጠየቀቻት። ጓድ አባይነህ ቆሞ ጠበቀ። ሲጨርሱ፣ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ድልድይ መጠየቃቸውን እንዳየ፣ ድልድይ ግን በጤና ጽሕፈት ቤት አቅም እንደማይሠራ፣ ሊዋሻቸውም እንደማይፈልግ በዚያው በአንድ ድምፁ ተናገረ።

ሐሚዳ አየችውና፣ «ድልድይ ማን ጠየቀህ ልጄ?» አለችው።

መምህር መዝገቡ ጉሮሮውን ጠረገ። ለጓድ ኃላፊ ልጄ ማለት ያን ጊዜ አልተለመደም። እሷ ግን ቀጠለች። «ድልድዩ በጊዜው ይምጣ፤ አንጠላም። እኛ የምንፈልገው የጤና ጣቢያውን አዋላጅ ነው። ሴቱ ሁሉ በየተራ ወደ እሷ ከሚሻገር፣ እሷ አንድ ጊዜ፣ ውሃው ሳይሞላ ትሻገርና እኛ ዘንድ ትክረም። መስከረም ሲጠባ ትመለስ።»

ጸሐይወርቅ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ያን ሁሉ ወረቀት አንብባ «ድልድይ» ብላ የጻፈችው እሷ ነበረች። በሦስቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ድልድይ የሚለው ቃል የለም። ውሃ አለ፣ ቃሬዛ አለ፣ ሞት አለ። ድልድዩን ከራሷ ጭንቅላት ነው ያመጣችው። ወረቀቱ በር ድረስ እንዳደረሳት፣ ከበሩ በኋላ ግን መጠየቅ እንደነበረባት ያን ቀን ገባት።

ጓድ አባይነህ፣ አዋላጇ ብትመጣ የት ልታድር፣ ሴቶቹስ የት ሊወልዱ ነው ብሎ ጠየቀ። ሐሚዳ የእህል መጋዘናቸውን አሳየችው። ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ ለሦስት ወር እህሉን ቤት ውስጥ እናደርገዋለን አለች። አብደላ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው እንደነበር ከፊቱ ያስታውቃል። አንድ ጊዜ መጋዘኑን፣ አንድ ጊዜ ሚስቱን አየና «እሷ ካለች አለቀ» አለ። ጸሐይወርቅ ጓድ አባይነህን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ያየችው ያኔ ነው። መምህር መዝገቡ ደብተሩን አውጥቶ የተባለውን ሁሉ በቆመበት ጻፈ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሴቶቹ መጋዘኑን መረጉት፣ ለቀለቁት፤ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች ሰሌንና ፋኖስ አመጡ፤ ሽማኔ የሆኑት የጋሞ ልጆች ለመጋረጃ የሚሆን ጋቢ ሰጡ። አቶ ዋቅቶላ ከግቢው ጥግ ሽንት ቤት ቆፈረበት፤ ያን ጊዜ ማንም አላጉረመረመም፣ እንዲያውም አፈሩን ያወጡለት ሴቶቹ ናቸው። ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን አዋላጇ ሲስተር እፀገነት ከአንድ የሽቦ አልጋና ከአንድ የመሣሪያ ሳጥን ጋር ተሻገረች። ስትመጣ ደስ ብሏት አልነበረም። ከተማ የለመደች፣ ያላገባች ወጣት ናት፤ በጭቃ ሰፈር መክረሙ ቅጣት መስሏት ነበር። ሐሚዳ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ምግቧን ራሷ እያመጣችላት፣ እስክትበላ ፊቷ ትቀመጥ ነበር።

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን ወንዙ ሞላ። በዚያው ቀን ከሽማኔዎቹ የአንዱን ሚስት ተሾመችን ምጥ ያዛት። መንታ ነበር፤ ሁለተኛው በእግሩ መጣ። ተሾመችና ባሏ ጴንጤዎች ናቸው። ያኔ ተሰብስቦ መጸለይ ያሳስር ስለነበር፣ ወዳጆቻቸው በሐሚዳ ጓዳ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ሐሚዳ እንዳልሰማች ሆና በሩን ዘጋችላቸውና ውጭ ወጥታ ከደጁ ላይ እንጨት መፍለጥ ጀመረች፤ አላፊ አግዳሚው ከፍልጡ ድምፅ ሌላ እንዳይሰማ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱም ሕፃናት አለቀሱ። ሲስተር እፀገነት ደም የነካ እጇን ይዛ ደጅ ወጥታ ሐሚዳ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ወንዙን እያሳየች፣ ይህችን ሴት በዚህ ውሃ ብታሻግሯት ኖሮ ሦስቱም የሉም አለቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ቅጣት ስለሚባል ነገር አላነሣችም።

በዚያ ክረምት በመጋዘኑ ውስጥ አሥራ ሰባት ሴቶች ወለዱ። አንድ ሕፃን አልተረፈም፤ ከሀና ማርያም በኩል የመጣች እናት ልጅ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። ከእናቶች ግን አንዲት እንኳ አልሞተችም። ብስራተ ገብርኤልም የክትባቱ ቀን ወደ ማክሰኞ ተዛወረ። የለቡ ምንጭ ዓመቱን ሙሉ ጠበቀና በመጨረሻ ታጠረ። ሁሉም አልተሟላም፤ ጸሐይወርቅ የካርቶኑን ሲሶ እንኳ አልመለስንም ትላለች። የተመለሰው ግን ተመልሷል።

መስከረም ላይ ልጇን ንግስትን ይዛ ወደ ላፍቶ ወረደች። ሐሚዳን አመስግና ስትጨርስ መምህር መዝገቡ ቤት ሄደች። አንድ የስሙኒ ዳቦና አንድ ደርዘን እርሳስ ነበር የያዘችለት። የሰው ቃል ሳያሳምር፣ ሳይቆርጥ፣ እንደወጣ በመጻፉ ልታመሰግነው እንደመጣች ነገረችው። ራሷን ያገኘችው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ነውና።

ሽማግሌው እርሳሶቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። «ቀበሌ ከተቋቋመ ጀምሮ ሰባት ዓመት ጻፍኩ» አላት። «ሚስቴ ለማን ነው የምትጽፈው ትለኝ ነበር። እንግዲህ ላንቺ ኖሯል።»

በተከታዩ ዓመት ቅጹ ተለወጠ። ጓድ አባይነህ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ከመዛወሩ በፊት የመጨረሻ ሥራው ያ ነበር። ናሙናው ቀረ። አምስቱ መስመሮች ተፍቀው በምትካቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ተተወ፣ በላዩም ሕዝቡ የተናገረው በራሱ አፍ እንዲጻፍ ታዘዘ። ታይፒስቷም ቃለ ጉባኤውን አብራ እንድትመታ ተባለ። ሥራዋ በእጥፍ በዛ። አቶ ዋቅቶላ ይህን ሲነግራት ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር፤ እሷ ግን ለዕድገት የተጠራች ያህል ነው የተሰማት።

ግንቦት 1975 ዓ.ም. ወረቀቶቹ መጡ። ከቀድሞው ይልቅ ወፍራሞች ነበሩ። በሁለት መስመር ይዘጉ የነበሩ ጸሐፊዎች ስምንትና ዘጠኝ ገጽ ጽፈዋል። እሑድ ጠዋት ከኅብረት ሱቁ ስኳር እንዳይቀርባቸው ብቻ ስብሰባ ይመጡ የነበሩ ሰዎች መናገር እንደጀመሩ ከጽሑፉ ይታወቃል። አንዱ ስለ ዓይን ሕመሙ፣ አንዷ ስለ አማቷ ሳል፣ ሌላዋ የውሃ ቧንቧ ወረፋ ላይ ስለሚደረገው ጠብ ትናገራለች። ጸሐይወርቅ አንዳንዱን ስታነብ ትስቃለች፣ አንዳንዱን አስቀምጣ ወደ ውጭ ታያለች።

ከላፍቶው ቃለ ጉባኤ መጨረሻ፣ ከማኅተሙ በታች፣ መምህር መዝገቡ እንደ ልማዱ የተባለውን ሳይቀንስ ጽፎት ነበር፦ «በመጨረሻም ተሰብሳቢ እናቶች፣ ይህን ለምታነቢው እህታችን፣ ስምሽን የምናውቅም የማናውቅም፣ ውለታሽ አይጠፋም በሉልን ስላሉ ተመዝግቧል።»

ጸሐይወርቅ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስለ ራሷ የተነገረ ምስጋና በራሷ እጅ መምታት አሳፈራት፤ ልታልፈውም አሰበች። ግን ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ሕዝቡ ያለው ሁሉ ይጻፍ ተብሏል። ስለዚህ ዓይኗን ጠራርጋ፣ አንድም ፊደል እንዳትስት እየተጠነቀቀች መታችው፤ ከዚያም ከሀና ማርያም በኩል የመጣውን ወረቀት ሳበች።